ችግኝ ቤታችን ለምን ሻገተ? ለምንስ ደረቀ?

ለማስተማር ልምምድ ወደ ምሥራቅ ጎጃም ከወጣነው ሰልጣኞች መካከል አንዱ ቡድን ቢቸና፣ ሌላው ቡድን ሞጣ አካባቢ ተመድቦ እንደነበረ ታስታውሳላችሁ። ሁለቱም ቡድኖች ከተማሪዎቻቸው ጋር ሆነው ለትምህርት ቤቱ የጓሮ አትክልት የሚሆን ችግኝ በቤት ውስጥ ለማፍላት ሞክረዋል። የቢቸናዎቹ የካቲት ላይ፣ የሞጣዎቹ ሰኔ መግቢያ ላይ። የሁለቱም ችግኝ አለቀ። የሚገርመው አሟሟቱ ነው፤ የቢቸናው ደርቆ፣ የሞጣው በስብሶ!

ከልምምድ ተመልሰን ስንገናኝ ክርክሩ ጦፈ። አንዱ ወገን «እናንተ ውሃ አበዛችሁ» ሲል ሌላው «እናንተስ ውሃ ነፈጋችሁ» አለ። ማስታወሻ ደብተሮቻችንን ገልጠን ስናስተያይ ግን ሁለቱም ቡድኖች ያጠጡት በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ አሥር አሥር ሊትር በሚይዝ ማጠጫ ኖሯል። ዘሩም ከአንድ ሱቅ የተገዛ የጥቅል ጎመንና የበርበሬ ዘር ነው። ታዲያ ምን ነካቸው?

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ የገፋፋን ከክርክሩ ይልቅ የልጆቹ ነገር ነው። በሞጣው ትምህርት ቤት እያንዳንዱ ተማሪ ስሙን በእንጨት ላይ ጽፎ በየሣጥኑ ሰክቶ ነበር። ችግኙ አንድ በአንድ ሲወድቅ አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ «የኔ እጅ ድሮም አይቀናም» ብላ የስሟን እንጨት ነቅላ ወሰደች። እጇ ምን አደረገ? ጥፋቱ የአየሩ ነበር። አየሩን ልብ ያላልነው ደግሞ እኛ፣ አስተማሪ ነን ብለን የሄድነው ነን።

እርጥበት ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን የአፈር እርጥበት ነው። ጣታችንን አፈሩ ውስጥ ሰክተን «ረጥቧል» ወይም «ደርቋል» እንላለን፤ በዚያው ምርመራው አለቀ። የአየር እርጥበት ግን ሌላ ነገር ነው። በአየር ውስጥ ያለው የውሃ ተን በዓይን አይታይም። ከፈላ ማንቆርቆሪያ አፍ ሲወጣ የምናየው ነጭ ጉም እንኳ በትክክል ለመናገር ተን አይደለም፤ ቀዝቃዛ አየር አግኝቶ ወደ ጥቃቅን ጠብታ የተመለሰ ውሃ ነው። ስለዚህ አፈሩ ልክ ሆኖ አየሩ ከልክ ያለፈ፣ ወይም አፈሩ ጨቅይቶ አየሩ የደረቀ ሊሆን ይችላል። የቢቸናው ችግኝ የሞተው እግሩ ውሃ ውስጥ ቆሞ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ነገሩ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን ብቅል ሲያበቅሉ ምን ያደርጋሉ? ገብሱን ወይም ስንዴውን ይነክሩታል፣ ውሃውን ያጠልሉታል፣ ከዚያም በእርጥብ ቅጠል ጠቅልለው ጥግ ላይ ያኖሩታል። ቅጠሉ ለምን አስፈለገ? እህሉ የሚበቃውን ውሃ ጠጥቷል፤ የሚፈለገው ቡቃያው ብቅ ሲል በዙሪያው ያለው አየር እንዳያደርቀው ነው። ግን ሸፍነው አይረሱትም። እየገለጡ ያዩታል፣ ያገላብጡታል። የሚበቅል እህል ይተነፍሳልና ሙቀትና ውሃ ያወጣል፤ እጅ ሲገባበት ትኩስ ነው። ካልተናፈሰ ይሻግታል፣ የሻገተ ብቅል ደግሞ ጠላውን ያበላሻል። እንግዲህ እናቶቻችን ያለ መሣሪያ ሦስቱን ነገር፣ እርጥበቱን፣ ሙቀቱንና የአየሩን መዘዋወር አንድ ላይ ይቆጣጠራሉ ማለት ነው። እኛ በሞጣው መጋዘን ያደረግነው መሸፈኑን ብቻ ነው። መግለጡን ረሳነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ፤ ቁጥር የማይወድ ሰልጣኝ ቢኖርም ይችን ይታገሠን፤ ጉዳዩ ያለ እሷ አይገለጥም። አንድ ሜትር ኩብ አየር ሊይዝ የሚችለው የውሃ ተን ወሰን አለው፤ ወሰኑም እንደ ሙቀቱ ይለያያል። በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 9.4 ግራም ገደማ ይይዛል። በ15 ዲግሪ 12.8፣ በ20 ዲግሪ 17.3፣ በ25 ዲግሪ 23፣ በ30 ዲግሪ 30.4 ግራም ይሆናል። አየርን ሲሞቅ እንደሚሰፋ፣ ሲቀዘቅዝ እንደሚጠብ እንስራ አድርጋችሁ ብታስቡት አትሳሳቱም። ለአንድ ሙቀት የተወሰነው እንስራ ከመቶ ስንት እጁ እንደሞላ የሚነግረን ቁጥር አንፃራዊ እርጥበት ይባላል። በ20 ዲግሪ አየሩ 8.65 ግራም ተን ቢኖረው እንስራው ግማሽ ነው፤ 50 ከመቶ እንላለን። ያው አየር፣ አንድም ጠብታ ሳይጨመርበት፣ እየቀዘቀዘ ቢሄድ እንስራው ራሱ ይጠብና ሊሞላ ይቃረባል። ከሞላ በኋላ የሚተርፈው ውሃ ይሆናል። ጤዛ ማለት ይኸው ነው።

የሞጣው መጋዘን 4 ሜትር በ3 ሜትር፣ ከፍታው 2 ሜትር ተኩል ነበር፤ ማለትም 30 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። በ20 ዲግሪ ሙቀት ይህ ሁሉ አየር ጢም ብሎ ቢሞላ ሊይዝ የሚችለው 519 ግራም ተን ነው። ግማሽ ሊትር ውሃ መሆኑ ነው! እኛ ደግሞ በቀን ሃያ ሊትር እናፈሳለን። ከዚያ ውስጥ ጥቂቱን ችግኙ ይጠጣዋል፣ የቀረው ከሣጥኑ ሥር ወርዶ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ከወለሉም፣ ከአፈሩም፣ ከቅጠሉም ይተናል። መስኮቱን «ብርድ እንዳይገባ» ብለን በላስቲክ አሽገነዋል፤ በሩ ሌባ ስለሚፈራ ተቆልፏል። ተኑ በየት ይውጣ? አየሩ ካልተለወጠ ግማሹ ሊትር ከሞላ በኋላ የሚተነው ሁሉ መመለሻው እዚያው ቤት ውስጥ ነው።

ቀን ቀን ጉዳቱ አይታይም። ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታሞቀው እንስራው ይሰፋል። ሌሊት ነው ጉዱ። ቢቸናም ሞጣም ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በጮቄ ተራሮች ግርጌ የሚገኙ ከተሞች ናቸውና ፀሐይ ከጠለቀች ሙቀቱ ቶሎ ይወርዳል። ማታ በ20 ዲግሪ፣ በ80 ከመቶ እርጥበት ዘግተነው የሄድነው ቤት 415 ግራም ያህል ተን ነበረው። ሌሊቱን ወደ 10 ዲግሪ ቢወርድ መያዝ የሚችለው 282 ግራም ብቻ ነው። ትርፉ 133 ግራም፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ነው። ይህም የሚሆነው አየሩ ብቻ ቢቀዘቅዝ ነው፤ እርጥቡ ወለል ሌሊቱን ሙሉ እያተነነ ሲጨምርበት ግን አንድ ብርጭቆ የት ይበቃል!

ውሃው የሚያርፍበት ቦታም ራሱን የቻለ ነገር ነው። በቤት ውስጥ ካለው ሁሉ በመጀመሪያ የሚቀዘቅዘው ቆርቆሮ ነው፤ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል። ኮርኒስ ከሌለው ጤዛው በውስጥ በኩል ተንጠልጥሎ ጎሕ ሲቀድ ይንጠባጠባል። ልጆቹ ጠዋት ገብተው «ጣራው ያፈሳል» ያሉን ለዚህ ነበር። እኛም ዝናብ መስሎን ቀዳዳ ስንፈልግ ዋልን፤ ሌሊቱን ዝናብ እንዳልነበረ እንኳ አላስታወስንም። የሣር ክዳን ይህ ጠባይ የለውም፤ ቶሎ አይቀዘቅዝም፣ ጥቂት ተንም ይመጣል። ያልተቀባ የጭቃ ግድግዳም እንዲሁ ተን ይመጣል፣ አየሩ ሲደርቅም መልሶ ይሰጣል። የዘይት ቀለም የተቀባ ግድግዳ ግን እንደ ብርጭቆ ነው፤ በላዩ ላይ ያላባል እንጂ አይቀበልም። የሞጣው መጋዘን ቆርቆሮ ክዳን፣ ኮርኒስ የሌለው፣ ግድግዳው በዘይት ቀለም የተቀባ ነበር። ከሦስቱም አጣን።

ለምን ጠብታው ችግኙን ገደለው? ውሃ ራሱ መርዝ ሆኖ አይደለም። የሻጋታ ዘሮች በአየርም በአፈርም ውስጥ ሁልጊዜ አሉ፤ ለመብቀል የሚጠብቁት ቅጠሉ ወይም ግንዱ ለሰዓታት ሳይደርቅ እንዲቆይ ነው። ፒቲየምና ራይዞክቶኒያ የተባሉት የአፈር ተሐዋስያን ረጥቦ በሚያድር አፈር ላይ ይበረታሉ። የችግኙ ግንድ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይቀጥናል፣ ይጠቁራል፣ ከዚያ ችግኙ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ጎኑ ላይ ይወድቃል። ልክ የሞጣው እንዲሁ ነበር። ቦትሪቲስ የሚባለው ግራጫ ሻጋታ ደግሞ ቅጠሉ ላይ እንደ አቧራ ይነሰነሳል። በተጨማሪም በተን በታፈነ አየር ውስጥ ተክሉ ራሱ በቅጠሉ ማተን አይችልም። ካላተነ ደግሞ ሥሩ ውሃ ወደ ላይ አይስብም፤ ከውሃው ጋር የሚወጣው ካልሲየምም ለጋው ቅጠል ጫፍ ዘንድ አይደርስም። ውሃ በሞላበት ቤት የቅጠል ጫፍ ተቃጥሎ ቢታይ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

በክርክራችን ላይ ትልቅ ሳቅ ያስነሣው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ከመካከላችን አንዱ «በክረምትም ቢሆን መስኮቱ ይከፈት» ሲል ብዙዎች «ዝናብ እየዘነበ? ውጪው አይደል እንዴ ዋናው እርጥብ!» ብለው ሳቁበት። እስቲ እናስላው። ውጪ እየዘነበ፣ ሙቀቱ 12 ዲግሪ፣ አየሩም ሙሉ በሙሉ የጠገበ ይሁን። በዚህ ሙቀት የጠገበ አየር በሜትር ኩብ 10.7 ግራም ተን አለው። ቤቱ ውስጥ ገብቶ ወደ 20 ዲግሪ ሲሞቅ እንስራው 17.3 ይሆናል፤ 10.7 ለ17.3 ሲካፈል 62 ከመቶ ነው። ከዝናብ ውስጥ የገባው አየር ለችግኙ የሚስማማ አየር ሆነ ማለት ነው! የሳቅነው ሰዎች ዝም አልን። ቁም ነገሩ ግን ቤቱ ከውጪው ሞቅ ያለ መሆን አለበት። ቤቱም እንደ ውጪው ቀዝቃዛ ከሆነ መስኮት መክፈት ብዙም አይረዳ። ስለዚህ በክረምት ጥሩው ሰዓት ከረፋዱ ጀምሮ እስከ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከሁሉም በላይ ግን ማታ በሩ ከመዘጋቱ በፊት፣ ቤቱ ገና ሙቀት እያለው፣ ለሩብ ሰዓት ያህል በርና መስኮቱን ፊት ለፊት ከፍቶ የቀኑን ተን ማስወጣት ያስፈልጋል። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ከጣራው ሥር አንዲት ትንሽ ቀዳዳ፣ ከበሩ ሥር ደግሞ ሌላ ቢኖር ያለ ሰው ድካም አየሩ ይዘዋወራል።

ቤቱን ማሞቅ ይጠቅማል ስንል አንድ ነገር በጥብቅ ማሳሰብ አለብን። ከሰል አቀጣጥሎ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማስገባት ፈጽሞ አይገባም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውም፤ ችግኝ ሊያይ የገባ ልጅ ሳይወጣ ሊቀር ይችላል። በላምባ የሚነድ ምድጃም ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ከአደጋው ሌላ አንድ ሊትር ላምባ ሲነድ አንድ ሊትር ያህል ውሃ በተን መልክ ያወጣል። እርጥበት እናጠፋለን ብለን እርጥበት እናስገባለን። ይልቅስ ጥቁር ቀለም የተቀቡ፣ ውሃ የተሞሉና በደንብ የተከደኑ ጀሪካኖች ፀሐይ በሚገባበት በኩል ቢደረደሩ ቀን የሰበሰቡትን ሙቀት ሌሊት ይሰጣሉ። ክዳናቸውን አትርሱ፤ ያልተከደነ ጀሪካን መልሶ የተን ምንጭ ነው።

ይህን ሁሉ በምን እንለካለን? የተገዛ ሃይግሮሜትር ያለው ትምህርት ቤት ደግ፤ የሌለው ግን መፍዘዝ የለበትም። በየጓዳችን ያለው ጨው መሣሪያ ነው። በሐምሌ የጓዳ ጨው እየረጠበ ውሃ የሚያወጣው ለምን እንደሆነ ጠይቀን እናውቃለን? የተጣራ የገበታ ጨው የአየሩ አንፃራዊ እርጥበት ከ75 ከመቶ ሲያልፍ ከአየሩ ውሃ እየሳበ መሟሟት ይጀምራል። ከዚያ በታች ደረቅ ይሆናል። ስለዚህ በምጣድ ላይ የደረቀ አንድ ማንኪያ ጨው በሳህን አድርጎ ችግኙ አጠገብ ማኖር ነው፤ ጠዋት ጨዉ ረጥቦ ከተገኘ ሌሊቱን አየሩ ከልክ አልፎ ነበር ማለት ነው። ያልተጣራ ጨው ሌሎች ማዕድናት ስላሉበት ቀድሞ ይረጥባል፤ በእርሱ መፍረድ ያሳስታል።

ቁጥር ማንበብ የሚፈልግ ደግሞ የሰው ጸጉር ይያዝ። ጸጉር አየሩ ሲረጥብ ይረዝማል፣ ሲደርቅ ያጥራል፤ ከፍጹም ደረቅ እስከ ጠገበ አየር ድረስ ለውጡ ከመቶ ሁለት ወይም ሁለት ተኩል ያህል ነው። የጄኔቫው ሊቅ ሶሲር በዚህ መንገድ የሠራውን መሣሪያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1783 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ገልጦታል። አንድ ስንዝር ተኩል የሚሆን ጸጉር አንዱን ጫፍ በሚስማር፣ ሌላውን ከስንደዶ በተሠራ ቀላል ጠቋሚ አጭር ክንድ ላይ ማሰር ነው፤ የጠቋሚው ረጅም ክንድ ትንሿን ለውጥ አጉልቶ ያሳያል። ጸጉሩ በሳሙና በደንብ መታጠብ አለበት። የመጀመሪያው ሙከራችን ንቅንቅ አልል ብሎን ስንጨነቅ የጸጉሩ ባለቤት «ቅቤ ተቀብቼ ነበር እኮ» አለችን! መለኪያውን ለማስተካከል እርጥብ ጨው ካለበት ድስት ውስጥ መሣሪያውን አስገብቶ፣ አፉን በላስቲክ አሽጎ ማሳደር ነው፤ ጠቋሚው ያረፈበት ቦታ 75 ነው። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ሲያቆዩት የሚደርስበት 100 ገደማ ነው።

ሁለት ቴርሞሜትር የሚገኝ ከሆነ ግን ከሁሉ የተሻለው የእርጥብና የደረቅ ዘዴ ነው። የአንዱን እግር በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለን ጫፉን ውሃ ውስጥ እናስገባለን፤ የኩራዝ ክርም ይሆናል። ከዚያ በወረቀት እያራገብን ሁለቱን እናነባለን። ውሃው ሲተን ስለሚያቀዘቅዝ እርጥቡ ዝቅ ይላል፤ አየሩ በደረቀ መጠን ልዩነቱ ይሰፋል። እዚህ ላይ ለደጋ አገር አስተማሪ የሚጠቅም ነገር አለ። በመጻሕፍት የሚታተመው ሠንጠረዥ ባብዛኛው ለባሕር ጠለል የተዘጋጀ ነው። በቢቸናና በሞጣ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ስለዚህ ሠንጠረዡ አየሩን ከእውነተኛው የደረቀ አስመስሎ ያሳያል። ለእኛ ከፍታ አስልተን ያገኘነው ይህ ነው፤ ደረቁ 20 ዲግሪ ሲያሳይ ልዩነቱ 2 ዲግሪ ከሆነ እርጥበቱ 84 ከመቶ፣ 4 ከሆነ 69፣ 5 ከሆነ 62፣ 6 ከሆነ 55 ገደማ ነው። የባሕር ጠለሉ ሠንጠረዥ ለ5 ዲግሪ ልዩነት 59 ከመቶ ይላል። ለአትክልት ችግኝ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 70 ከመቶ ይስማማዋልና ሦስት አራት ከመቶ መሳሳት ቀላል አይደለም።

ስለ ሞጣ ይህን ያህል ካልን ስለ ቢቸናው ደግሞ ጥቂት እንበል። እዚያ የሆነው ተቃራኒው ነው። በየካቲት ሌሊት አየሩ 8 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 70 ከመቶ ቢሆን በሜትር ኩብ ያለው ተን 5.8 ግራም ብቻ ነው። ያው አየር እኩለ ቀን ላይ ወደ 26 ዲግሪ ሲሞቅ እርጥበቱ 24 ከመቶ ይሆናል። ቡድኑ ይህን አየር በሰፊ መስኮት ቀኑን ሙሉ አስገባው። ይባስ ብሎ ያን ሰሞን ችግኞቹን ከመደብ ነቅለው ወደ ጣሳ አዛውረዋቸው ነበር። የተነቀለ ችግኝ ጥቃቅን ሥሮቹ ይበጣጠሳሉ፤ አፈሩ ውሃ ቢኖረውም ቶሎ መሳብ አይችልም። ከላይ ግን ደረቁ ንፋስ ከቅጠሉ ይመጠዋል። ወጪው ከገቢው በለጠ። አፈሩ ጭቃ፣ ቅጠሉ ገለባ ሆነ። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ውሃ አልነበረም፤ በየጣሳው ላይ ላስቲክ ደፍቶ፣ ጥላ ሰጥቶ፣ ሥሩ እስኪይዝ ድረስ ትነቱን መቀነስ ነበር። ጣሳዎቹን አጠጋግቶ በእርጥብ አሸዋ ላይ ማስቀመጥ፣ በንፋሱ በኩል እርጥብ ጆንያ መስቀልም ይረዳል።

የላስቲኩ ነገር አስገራሚ ታሪክ አለው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1829 ዓ.ም. ዋርድ የተባለ የለንደን ሐኪም የአንድ የእሳት ራት ዕድገት ለማየት ብሎ እርጥብ አፈር በጠርሙስ አድርጎ ከደነው። ከአፈሩ ፈርን የሚባል የጥላ ተክልና ሣር በቀለ። ቀን የተነነው ውሃ ማታ በጠርሙሱ ላይ ጤዛ ሆኖ ወደ አፈሩ ይመለሳል፤ ማንም ሳያጠጣው ኖረ። ከዚያ በኋላ በመስታወት በተዘጋ ሣጥን ችግኝ በመርከብ ከአህጉር ወደ አህጉር ማጓጓዝ ተለመደ፤ ከቻይና ወደ ሕንድ የሻይ ችግኝ የተጓዘውም እንዲሁ ነው። ነገር ግን በተዘጋ ሣጥን ያደገ ተክል በአንድ ቀን ወደ ሜዳ አይወጣም። ዛሬ በላቦራቶሪ ጠርሙስ ውስጥ የሚባዙት የሙዝና የድንች ችግኞች በጠገበ አየር ስለሚያድጉ የቅጠላቸው ሰም ስስ ነው፣ የቅጠላቸው ቀዳዳዎችም በደንብ መዘጋት አይችሉም። ወዲያው ቢገለጡ በሰዓታት ውስጥ ይጠወልጋሉ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየገለጡ ከሳምንት በላይ ማለማመድ ያስፈልጋል። ለጣሳ ችግኝም ሕጉ ያው ነው።

የደጋ ገበሬዎች የዘር ድንች የሚያስቀምጡበትን ባለ ርብራብ ጎጆ ያየ ሰው ይህ ሁሉ ሐሳብ በእንጨት ተሠርቶ ያገኘዋል። ግድግዳው ክፍት ርብራብ ነው፤ ቀጥተኛ ፀሐይ ሳይሆን የተበተነ ብርሃን ይገባል፣ ንፋስ በየመደርደሪያው ያልፋል፣ ክዳኑ ሣር ነው። በዚያ ቡቃያው አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ይሆናል። በጨለማና በታፈነ ጎተራ ያደረ ድንች ግን ነጭና ቀጭን ቡቃያ አውጥቶ ይበሰብሳል። በዝዋይና በሆለታ የጽጌረዳ ላስቲክ ቤቶችም ጣራና ጎን እንዲከፈት ተደርጎ የሚሠራው ለዚሁ ነው።

በተረፈ የሞጣው ቡድን ከመመለሱ በፊት ሁለተኛ ሙከራ አድርጎ ነበር። የምሽት ማጠጣት ቀረ፤ ጠዋት ብቻ፣ ያውም ጣት አፈር ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ብቻ። ከጣራው ሥር ላስቲክ በአንድ በኩል አዘቅዝቆ ተወጠረና የሚንጠባጠበው ጤዛ በግድግዳው ጥግ ወዳለ ቆርቆሮ እንዲወርድ ሆነ። ሣጥኖቹ ከወለሉ በድንጋይ ከፍ አሉ፣ በመካከላቸውም ንፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ተተወ። የጨዉን ሳህን የማየት ኃላፊነት የተሰጠው «እጄ አይቀናም» ላለችው ልጅ ነው፤ ጠዋት ረጥቦ ስታገኘው በሩንም መስኮቱንም ትከፍታለች። እኛ ጎመኑ ሜዳ ሲወጣ ሳናይ ተመለስን።

በቅርቡ ከዚያው ትምህርት ቤት መምህር ደብዳቤ ደርሶናል። ጎመኑ ተተክሏል፤ በርበሬው ከፊሉ ይዟል። ልጅቷ የስሟን እንጨት መልሳ ሰክታለች። አንድ ችግር ግን ገጥሟቸዋል፤ መስኮቱ በተከፈተ ቁጥር የጎረቤት ፍየል አንገቷን አስገብታ ጨዉን ትልሰዋለች። ሳህኑን በምን እንክደነው ብለው ጠይቀውናል፤ ጥቅጥቅ ያለ ክዳን አየሩን ስለሚከለክል ወንፊት እንዲደፉበት ጽፈንላቸዋል።